ከቡሄ እስከ መስቀል

ነገሩ የሆነው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ማታ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። እኛ የምንኖረው ሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው፤ ስድስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፤ በዓል ሲደርስ ደግሞ አራት አምስት በግ ይጨመርበታል። በጎቹ ከሦስት ቀን በፊት ጀምረው ይጮኻሉ። እናቴ ጓዳ ሆና የዶሮ ወጡን ሽንኩርት ታቁላላለች፤ በርበሬው ገና ድስት ሲነካ ቤቱ ሁሉ ያስነጥሰዋል። ጎረቤት ያለ የሌለ ዘፈኑን በድምፅ ማጉያ ለቆታል። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ያን ክረምት የትምህርት ካሌንደሩ ተዛብቶ ስለነበር አገራቸው ርቆባቸው ዶርም የቀሩ ሁለት ጓደኞቼን ይዤ መጥቻለሁ፤ «በዓልን በሰው ቤትም ቢሆን እንደ ሰው ዋሉ» ብዬ።

የመጀመሪያው ርችት ሲፈነዳ ታናሽ ወንድሜ አዲሱን ያበሻ ልብሱን ከላዩ ቀዶ ጥሎ፣ ራቁቱን አልጋ ሥር ገባ። ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። ማሙሽ እንለዋለን። አልጋው ሥር ሆኖ ጮኸ፤ ጩኸቱ ደሞ ትንፋሽ ለመውሰድ እንኳ የሚቋረጥ ዓይነት አልነበረም። አንደኛው ጓደኛዬ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ «ምን ሆኖ ነው? ወንድምህ ነው እንዴ?» አለኝ።

«አይደለም፤ የጎረቤት ልጅ ነው» አልኩት።

ጓዳ ውስጥ ማማሰያው ድስቱን ሲነካ ይሰማ የነበረው ድምፅ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ቀጠለ። እናቴ ምንም አላለችም። ዶሮ ወጡ ቀረበ፣ ተበላ፣ ተመረቀ። ጴጥሮስ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ካደ ይባላል፤ እኔ የካድኩት አንድ ጊዜ ነው፤ ዶሮዋም ድስት ውስጥ ስለነበረች የምትጮኽብኝ አልነበረም።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የማፍረው በዚህ ብቻ አይደለም። በዚያው ሴሚስተር «ሌላው» ስለሚባለው ፍልስፍናዊ ጽንሰ ሐሳብ አሥራ ሁለት ገጽ ጽፌ «ኤ» አግኝቼ ነበር። የማናውቀውን ሰው በራሱ ዓለም ውስጥ ገብተን ስለ ማየት! መምህሩ ዳር ላይ «ግሩም» ብሎ ጽፎልኛል። እኛ የሰው ነገር ተማሪዎች ማታ ዶርም ውስጥ እስከ ስድስት ሰዓት ስለ ሰው ልጅ ክብር ስንከራከር ጎረቤት ዶርም በር ይደበድብብናል። ስንቶቻችን ነን ቤታችን ውስጥ በበዓል ቀን ጓዳ የሚቆለፍበት ወንድም ወይም እህት ያለን? እጅ እንድታወጡ አይደለም። እኔ አለኝ፤ ያንን ለማለት ነው።

ማሙሽን አምስት ዓመቱ ላይ ሐኪም አይቶታል። አሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ «ኦቲዝም» የሚል ቃል ወረቀት ላይ ጽፎ ለእናቴ ሰጣት። ቃሉን ሰጣት እንጂ ቃሉ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚለብስ፣ ለእንቁጣጣሽ ምን እንደሚደረግለት አልነገራትም። እሷም ወረቀቱን አጣጥፋ ከመዝሙረ ዳዊቱ መሐል አስቀመጠችው። አያቴ ጠበል ይዛው ሄደች። ጠበሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ሲወርድበት ያደረገውን አልነግራችሁም።

ከዚያ ከክህደቴ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ለበጎነት አይደለም፤ ነገሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. ሊዮ ካነር የተባለ የአእምሮ ሐኪም፣ አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ ሆኖ፣ ስለ 11 ልጆች አንድ ጽሑፍ አወጣ። ኦቲዝም ስለሚባለው ነገር ዛሬም መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው ይኸው ጽሑፍ ነው። ልጆቹን የሚያስፈሯቸውን ነገሮች ሲዘረዝር የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን፣ የእንቁላል መምቻ፣ የሚወርድ ውሃ፣ አንዳንዴም ነፋስ ይላል። ስድስት በግና አንድ የርችት መደብር ቢጨምርበት የኛን ግቢ ያየ ይመስላል። ግን ከሁሉ ያስደነቀኝ ሌላ ነው። ልጁን የሚያስጨንቀው ጩኸቱ ራሱ አይደለም፤ ሳይጠራ በላዩ ላይ መምጣቱ ነው፤ ልጁ ራሱ ከሚፈራው የማያንስ ጩኸት በደስታ ሊያሰማ ይችላል፤ ይላል ሰውየው። መጽሐፉን ዘግቼ አሰብኩ። ማሙሽ የብረት ድስት ክዳን እያጋጨ ስንት ቀን ቤቱን በጥብጦታል! «ይሄንን ከቻለ ርችቱንም ይችላል፤ ሆን ብሎ ነው» ብለን ስንት ጊዜ ተቆጥተነዋል!

ደግሞ ጂን ኤይርስ የተባለች አሜሪካዊት ባለሙያ አለች፤ መጽሐፏ በ1972 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በትምህርት ቤት የተማርናቸው አምስቱ የስሜት ሕዋሳት ብቻ እንዳልሆኑ ከሷ ተረዳሁ። ሰውነታችን ሚዛኑን የሚጠብቅበት አለ፤ እጅ እግራችን የት እንዳለ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የምናውቅበትም አለ። አእምሮ ይህንን ሁሉ ተቀብሎ በየፈርጁ ያደራጃል። አንዳንዱ ልጅ ዘንድ ግን አንዱ በር ከመጠን በላይ ተከፍቷል፣ ሌላው ገርበብ ብሏል። የማሙሽ የጆሮና የቆዳ በር ወለል ያለ ነው፤ የጡንቻው በር ደግሞ ገርበብ ያለ። ለዚህ ነው የተቆለለ ፍራሽ ላይ ራሱን የሚወረውረው፤ ለዚህ ነው ማታ በአያቴና በግድግዳው መካከል ተጣብቆ ካልሆነ የማይተኛው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እንዲህ ያለውን የስሜት መብዛትና ማነስ ከኦቲዝም ምልክቶች ጋር በመመሪያው የዘረዘረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ ካነር ከጻፈ ከ70 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በነገራችን ላይ ስሜቱ እንዲህ የሚሆንበት ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። የክፍላችን ልጆች ውስጥ እንኳ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲያፏጭ ከክፍል የሚወጣ አለ።

አገራችን ውስጥ ይህን ነገር በአደባባይ የተናገረች እናት ስፈልግ ያገኘሁት ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ነው፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። እናቴ ስለሳቸው በቴሌቪዥን ሰምታ ኖሯል። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «አንተ መቼ ጠየቅኸኝ» አለችኝ።

አሁን ወደ አባዬ ልምጣ። አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ሽሮ ሜዳ ያበሻ ልብስ የሚሸጡ ሱቆች ለበዓል የሚደረድሩትን ሲሰፋ ክረምቱን ያነጋል። የሰው ልጅ ሁሉ እሱ በሰፋው ልብስ አምሮበት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ የገዛ ልጁ ግን ልብሱን ይቀደዋል። በዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሐምሌ ላይ ስለ ስፌትና ስለ ቆዳ ያነበብኩትን ስነግረው ከመኪናው ቀና አላለም። በሳምንቱ ግን አንድ ሸሚዝ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጨርቁ ብዙ ጊዜ ታጥቦ የለሰለሰ የአያቴ አሮጌ ነጠላ ነው። ጥልፍ የለውም። ስፌቱ በሙሉ በውጭ በኩል ነው፤ አንገቱ ላይ የሚፈትግ ነገር የለም። «ገልብጬ ሰፋሁት» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው ያለው። አጎቴ አይቶ «እንዴ! ልጁን ገልብጠህ አለበስከው እኮ፤ ሰው ምን ይላል?» ቢለው፣ አባዬ ክሩን በጥርሱ በጥሶ ዝም አለ። ማሙሽ ሸሚዙን ሦስት ቀን አላወለቀም። በግድ ነው ያጠብነው።

ቡሄ ደረሰ። ሽሮ ሜዳ የእንጦጦ ግርጌ ስለሆነ ወደ ባሕር ዛፉ ወጣ ሲሉ ዛሬም ጅራፍ የሚያጮኹ ልጆች አይጠፉም። ነሐሴ 8 ቀን ማሙሽን ይዤ ወጣሁ፤ ካነር ያለውን ልሞክር ብዬ። ልጁ ጅራፉን ከሚያጮኽበት መቶ እርምጃ ያህል ርቀን ተቀመጥን። ጆሮውን ያዘ፣ ግን አልሮጠም። በማግስቱ ትንሽ ቀረብ፤ በማግስቱ ደግሞ ቀረብ። በአንዱ ቀን ዝናብ አባረረን፣ በሌላው ቀን እሱ ራሱ አልሄድም ብሎ ደጃፍ ላይ ተኛ፤ ተውኩት። በአራተኛው ጉዟችን ባለጅራፉ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ምንም ሳንለው መጥቶ ጅራፉን እጁ ላይ አኖረለት። ማሙሽ እያንፏቀቀ መሬት ለመሬት ጎተተው፤ አሸተተው፤ ወረወረው። ከሰዓታት በኋላ፣ ልንመለስ ስንል፣ አንዴ ብቻ «ጧ» አደረገው። ትንሽ ናት፤ ካርቶን የተረገጠ ታህል። ጆሮውን አልያዘም። ሳቀ። እኔም የቆምኩበት ጭቃ ላይ ተቀመጥኩ።

ሆያ ሆዬ ባዮቹን ደግሞ ተደራደርኳቸው። ግቢው ዱላቸውን እየወቀጡ ሲገቡ ምድር እንደሚናወጥ ታውቃላችሁ። መንገድ ላይ ጠብቄ «እኛ በር ላይ ዱላ የለም፤ ከውጭ በር ቆማችሁ ቀስ ብላችሁ ዝፈኑ፤ ሙልሙሉም ገንዘቡም አይጎድልባችሁም» አልኳቸው። መሪያቸው አሰበበትና፣ «ቀስ ማለት ይከብዳል ጋሼ፤ ዋጋው ይጨምራል» አለኝ። ከፈልኩ። እውነትም ቀስ ማለት ይከብዳቸዋል፤ አንደኛው እየዘነጋ ዱላውን ሊወቅጥ ሲል ሌላው ክርኑን ይይዘዋል። ማሙሽ በመስኮት አያቸው። ሲሄዱ መስኮቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ የነሱን ምት ነው።

ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ናት፤ 2016 ላይ ስድስተኛ አልነበራትም፤ ይኼ ጠቀመኝ። አምስት ድንጋይ መስኮቱ ላይ ደረደርኩ፤ በየጠዋቱ አንዱን እሱ ራሱ ቦዩ ውስጥ ይጥላል። ሲያልቁ እንቁጣጣሽ ነው። ካርቶን ላይም የሚመጣውን ነገር ሥዕል ሠራሁለት፦ ችቦ፣ ቄጤማ፣ እንግዳ፣ በግ። የሥዕል ችሎታዬ ቢታወቅ ኖሮ ይህ መጽሔት አያትመኝም፤ በጉ ውሻ መስሎ ወጣ፣ ማሙሽም በውሻ ስለሚፈራ ቀደደው። ድንጋዩ ግን ሠራ። ቄጤማውን ሳሎኑ ግማሽ ላይ ብቻ ጎዘጎዝን፤ እርጥቡን ሣር በባዶ እግሩ መርገጥ አይወድማ። ለሽንኩርቱ እናቴ አስቀድማ፣ በጳጉሜን 3፣ እሱ ከአባዬ ጋር ሽርሽር በወጣበት ሰዓት አቁላልታ አኖረችው። ጎረቤቶቿ «በዋዜማው ያልሸተተ ቤት ምን በዓል አለው?» ብለው አሙ። በግ አልገዛንም፤ ቅርጫ ገባን። የጎረቤት በግ ሲታረድ ግን አባዬ ልጁን ይዞ በጠዋት ወደ እንጦጦ ወጣ፤ አደይ አበባ ለቅመው ተመለሱ። ማሙሽ አበባዎቹን ደረጃው ላይ አንድ በአንድ ደረደራቸው። እንቁጣጣሽ ለእሱ ያችው ናት፤ ቢጫ መስመር።

ሁሉ አማረ ብላችሁ እንዳታስቡ። በዋዜማው ችቦው ሲለኮስ፣ በአባዬ ባለጆሮ ኮፍያ ተሸፍኖ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ በመስኮት ሩብ ሰዓት ያህል አየ፤ እኛም እርስ በርስ ተያየን። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ግን የሰፈሩ ርችት ባንድ ጊዜ ፈነዳ። ለዚህ ድንጋይ አልደረደርኩለትም ነበር፤ በዋዜማው መጨረሻ ላይ ሳይሆን ከእንቅልፉ መሐል መጣበት። እጁን እስኪደማ ነከሰው። ሁለት ሰዓት ሙሉ።

ያዳነን ጋቢ ነው። ቴምፕል ግራንዲን የምትባል ኦቲዝም ያለባት አሜሪካዊት ምሁር አለች፤ ዛሬ በኮሎራዶ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ናት። በልጅነቷ፣ አክስቷ ከብት ርቢ ዘንድ ሳለች፣ ላሞች ለክትባት ግራና ቀኝ ተጨምቀው ሲያዙ ጸጥ እንደሚሉ አይታ፣ ኋላ ለራሷ የሚጨምቅ የእንጨት ማሽን ሠራች። እኛ ማሽን የለንም። ጋቢ ግን አራት እጥፍ ነው፤ ይከብዳል። ፊቱን ነጻ ትተን፣ ከትከሻው በታች ጠቅልለን፣ እናቴ በአንድ በኩል እኔ በሌላው ተጠግተን ያዝነው። «ዝም በል» የሚል ቃል ማንም አላወጣም። መብራቱን አጠፋን። ቀስ በቀስ ትንፋሹ ረዘመ።

በጨለማው ውስጥ እናቴ፣ «ያ ጓደኛህ ዘንድሮ አይመጣም እንዴ?» አለችኝ።

«የትኛው?»

«ያ የጎረቤት ልጅ ነው ያልከው።»

ሌላ አልጨመረችም። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። ውጭ ርችቱ ቀጥሎ ነበር።

በማግስቱ እንግዳ ሲመጣ የመሳሙን ነገር አያቴ ናት የፈታችው። እኔ ሳይሆን እሷ! የኛ ሰላምታ እንዴት እንደሆነ ይታወቃል፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ደግሞ ግራ፣ ጺሙ ይወጋል፣ ቅባኑጉ ይሸታል፣ ልጁ ፊቱን ሲያዞር «ባለጌ ነው» ይባላል። አያቴ በር ላይ ተቀምጣ የሚመጣውን ሁሉ፣ «እሱን አትሳሙት፤ ትከሻውን መታ አድርጉት» ትላለች። «ለምን እናቴ?» ቢሏት፣ «ስእለት አለበት» አለች። ስእለት የለበትም። እሷ ግን የውሸት ኃጢአቱን በራሷ ላይ ወስዳ ቀኑን ሙሉ ዋለች፤ ማንም አልደፈረም። ቡዳ በልቶት ነው የምትለዋ አያቴ ናት ይህን ያደረገችው። ስለ ሰው መወሰን ይከብዳል።

መስከረም 16 ቀን ጓደኛዬን ጋበዝኩት፤ ያንኑ። ትልቁን የመስቀል አደባባይ ደመራ አንሄድም፤ ዩኔስኮ በ2013 እ.ኤ.አ. ቢመዘግበውም ለማሙሽ ጆሮ አልተመዘገበም። የሰፈራችን ደመራ ትንሽ ናት። ጓደኛዬ ሲገባ ማሙሽ ደረጃው ላይ የተገለበጠ ሸሚዙን ለብሶ አደይ ይደረድራል። ምራቄን ዋጥኩና፣ «ተዋወቀው፤ ይሄ ታናሽ ወንድሜ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ያኔም አውቄያለሁ። ጆሯችሁ አንድ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበልህ? እንግዳ ነበርኩ።»

እናቴ ከጓዳ ወጥታ ትከሻውን ስማ «እንኳን አደረሰህ ልጄ» አለችው። ደመራውን ከሩቅ፣ ከጎረቤት የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጠን አየን፤ ማሙሽ መሐላችን ተጣብቆ። እሳቱ ሲወድቅ ሰው ሁሉ እልል ሲል ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ዐይኑን ጨፈነ፤ አልወረደም ግን።

በማግስቱ ማለዳ ሰው አመዱን በግንባሩ ላይ መስቀል አድርጎ ሊቀባ ወረደ። እናቴም ጣቷን ነክራ ወደ ማሙሽ ስትዘረጋ አፈገፈገ። እጇን መለሰችና በምትኩ አመዱን በመዳፏ ዘርግታ ዝቅ ብላ ጠበቀች። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሙሉ እጁን ከመዳፏ ላይ አሳረፈና፣ ዞሮ፣ ለበዓሉ የለበስኩትን ነጭ ሸሚዝ፣ አባዬ የሰፋውን፣ ደረቴ ላይ በአምስት ጣቱ አተመው።